ዱባና ያላለቀ ጓንት

የብርድ ልብስ ግድግዳ ወሬ አያስቀርም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ፣ በጀርመን አገር ሉቤክ ከተማ አጠገብ እንግሊዞች ያስተዳድሩት በነበረው የስደተኞች ሰፈር የኖረ ሁሉ ይህን ያውቃል። የጀርመን ወታደሮች ለቀውት የሄዱት አንድ ረጅም ክፍል ለብዙ ቤተሰብ ይሰጥና፣ መሀሉ ላይ ገመድ ተወጥሮ ግራጫ ብርድ ልብስ ይሰቀልበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ሲያስነጥስ ከዚህ ወዲህ ያለው "ይማርህ" ይለዋል። ከእኔ ብርድ ልብስ ማዶ የሚኖሩት ዳኛ ግራቪስና ልጃቸው ዜንታ ነበሩ። እኔ ኤርና እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባል የለኝም፣ ጆሮ ግን አለኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ሁሉ ሰው አጫወተኝ ብዬ አላስመስልም። ሰምቼ ነው።

ዳኛው በአገራችን በላትቪያ ሳሉ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ሩሲያኖች መጀመሪያ የገቡ ጊዜ ሚስታቸውን በባቡር ጭነው ወደ ሳይቤሪያ ወሰዱባቸው። ሁለተኛ ሲመጡ ዳኛው ልጃቸውን ይዘው በመርከብ ሸሹ። ከዚያ ሁሉ ንብረት የተረፋቸው አንድ ጥቁር ካፖርት፣ አንድ የብር ማንኪያና ኩራታቸው ነበር። ካፖርቱ ሳስቷል፤ ማንኪያው በድንች ተለውጧል፤ ኩራታቸው ግን እንዳለ ነበር። በሰፈሩ የሾርባ ወረፋ ላይ እንኳ ሲቆሙ ችሎት የሚሰየሙ ነበር የሚመስሉት።

እና እንዲህ ያለ ሰው ልጅ ማንን ወደደች? ማገዶ አዳዩን።

ሴቬሪን ፖላንዳዊ ነበር። ጀርመኖች ከቮሊን ገጠር አፍሰው ለእርሻ ጉልበት ካመጧቸው ወጣቶች አንዱ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ጋሪ እየገፋ ለየክፍሉ ማገዶ ያድላል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሰፊ። በደረጃው ሲወጣ ዜንታ ፀጉሯን ትነካካለች፤ ማገዶውን ሲያወርድ መስኮቱ ላይ የምታየው ነገር ታገኛለች። እሱም አንድ ክንድ ማገዶ ለመደርደር ከሚያስፈልገው በላይ ይቆያል። ሌላው ክፍል ሁሉ በእርጥብ እንጨት ጭስ ሲታፈን የእኛ ምድጃ ቦግ ብሎ ይነዳል፤ የእኛን ማገዶ እየመረጠ ደረቅ ደረቁን ስለሚያመጣ ነው። ዳኛው ግን እጃቸውን እያሞቁ፣ "እንግሊዞች አስተዳደር ያውቁበታል" ይሉ ነበር።

ደግሞ ያልገባቸው እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን ልጃቸው መስኮት ላይ ስትቀር አይተው፣ "ዜንታ፣ የዳኛ ልጅ ጋሪ ገፊ ለማየት መስኮት ላይ አትቆምም" አሏት። "ጋሪውን እኮ አይደለም የማየው አባባ" አለች ዝቅ ብላ። እኔ ሳቄን በትራሴ አፈንኩት።

ሁለቱ የሚግባቡት በጀርመንኛ ነው። እሱ ጀርመንኛ የተማረው "ተነሥ፣ ጫን፣ ፍጠን" ሲባል ነው፤ እሷም በሽሽት መንገድ ላይ ከዚያ የተሻለ ነገር አልሰማችበትም። ስለዚህ ብዙውን ነገር በዓይን ይጨርሱት ነበር። ቋንቋ ያጣ ፍቅር ዓይን ያበዛል፤ እኔ በዚያ ሰፈር ያየሁት ይህንን ነው።

* * *

መኸር ሲገባ በሰፈሩ ድምፅ ማጉያ "ወደ አገራችሁ ተመለሱ" የሚል ጥሪ ይለቀቅ ጀመር። ለፖላንዶች ባቡር ተዘጋጅቷል፤ ለሚሳፈር የሁለት ወር ስንቅ ይሰጣል። ለእኛ ለላትቪያኖች የሚሆን ባቡር አልነበረም፤ ቢኖርም ማን ይሳፈርበታል? እኛ ካናዳ ይወስደን ይሆን፣ ቤልጂግ ይቀበለን ይሆን እያልን የሰው አገር ስም የምንቆጥር ሰዎች ነበርን። የሴቬሪን መንደርም ቢሆን ለሩሲያ ሄዷል። እናቱንና እህቱን ግን ወደ ፖላንድ ምዕራብ ወስደው ጀርመኖች በለቀቁት ቤት አስፍረዋቸዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከመስኮታችን ሥር ማገዶ ክምር አጠገብ ቆመው ሲያወሩ ሰማኋቸው። የምሰፋውን ቀሚስ አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ።

"እናቴ ደብዳቤ ልካለች" አላት።

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት። 'እህትህና ባሏ አሉልኝ፣ ላምም ተሰጥቶናል፣ አልራብኩም። የሚያስቀርህ ሰው ካለ ቅር፤ እኔ አልቀየምህም። ከሌለ ግን ለማን ብለህ ነው በሰው አገር የምትንከራተተው? ና' ትለኛለች።"

ዜንታ ከመሬት አንድ የእንጨት ፍቅፋቂ አነሣች። "ታዲያ የሚያስቀርህ ሰው አለ?" አለች፣ ፍቅፋቂውን እያየች።

"እሱን እሑድ አባትሽ ዘንድ መጥቼ እጠይቃለሁ። በእኛ ወግ፣ በሽማግሌ። መልሱን የምፈልገው ግን ካንቺ ነው። እሺ ካልሽኝ እቀራለሁ። እምቢ ካልሽኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ ባቡር እሄዳለሁ፤ ሁለተኛም አላስቸግርሽም።"

በዚያው ምሽት ዜንታ የእናቷን ቀይ የሱፍ የአንገት ልብስ መተርተር ጀመረች። ከእናቷ የቀራት ነገር እሱ ብቻ ነበር። ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባኝ። በእኛ አገር ሴት ልጅ ለጠያቂዋ "እሺ" የምትለው በአፏ አይደለም። በእጇ የሠራችውን የሱፍ ጓንት፣ የመንደሯን ጥለት አስገብታ፣ ትሰጠዋለች። ጓንቱን ከተቀበለ በኋላ ቃል አያስፈልግም። ጥንድ መሆን ግን አለበት፤ ነጠላ ጓንት ሰጥታ የምታገባ የለችም።

ዜንታ ቀይና ግራጫ እያደረገች ስትሠራ ፊቷን ብታዩት፣ ያ የወታደር ቤት አምፖል እንዲያ ያምራል ብላችሁ አታስቡም ነበር።

* * *

እሑድ መጡ። ሽማግሌ የተባለው ፌሌክ የሴቬሪን ጓደኛ ነው፤ ጢሙ ገና በቅጡ ያልወጣ ቀልደኛ። ሱሪውን የተኮስኩለት እኔ ነኝ። በብብቱ ከድንች የወጣ የሰፈር አረቄ ይዟል። ዳኛው ሁለቱን ከበር ላይ ሲያዩ ከወንበራቸው አልተነሡም።

"ምን ፈልጋችሁ ነው?"

ፌሌክ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ጌታዬ፣ እኛ መንገደኞች ነን። አንዲት ጊደር ጠፍታን ዱካዋን ስንከተል እዚህ ቤት አደረሰን።"

ዳኛው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ። "ጊደር?"

"አዎን ጌታዬ። የምታምር ጊደር። ፀጉሯ ወርቃማ፣ ዓይኗ ሰማያዊ።"

"ሰማያዊ ዓይን ያላት ጊደር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ደግሞ ፎቅ ላይ በየት በኩል ትወጣለች? ለሰፈሩ ፖሊስ አመልክቱ።"

ፌሌክ ሴቬሪንን አየው፤ ሴቬሪን ጫማውን አየ። እኔ ብርድ ልብሱን ነክሼ ቀረሁ። በእነሱ አገር ልጅ የሚጠየቀው እንዲህ መሆኑን ያኔ ብጠረጥርም፣ ዳኛው ግን የሚያወሩት ስለ እውነተኛ ከብት መስሏቸዋል።

"ጌታዬ፣ ቤትዎን በደንብ ይዩልን እስቲ" አለ ፌሌክ፣ ወደ ዜንታ እየጠቀሰ። "ጊደሯ እዚሁ አካባቢ ሳትሆን አትቀርም።"

"የለም አልኩ እኮ። ቢኖረኝም ለማላውቀው ሰው ጊደር አልሰጥም። ጠርሙስ ይዛችሁ በየቤቱ ከምትዞሩ ሥራ ፈልጉ።"

የሴቬሪን ጆሮ ቀላ። እጅ ነሥቶ ወጣ። ዜንታም ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ተከተለችው። እኔስ ምን ቀረኝ? ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ ደረሰችበት። "እዚህ ጠብቀኝ" አለችውና ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ጓሮ ሮጠች። ሁለተኛው ጓንት ገና አልተጋመሰም፤ ነጠላውን መስጠት ደግሞ ነውር ነው። እንዲሁ ባዶ እጁን እንዲሄድም አልፈለገችም። በጓሮው ውስጥ በጋውን ሁሉ ውሃ እያመላለሰች ያሳደገችው አንድ ትልቅ ዱባ ነበራት። ሕፃናቱ ስም አውጥተውለት ነበር። ግማሹ ሕንፃ መቼ ይቆረጥ ይሆን እያለ ምራቁን ይውጣል። ዜንታ ያንን ዱባ ታቅፋ መጣችና በእጁ ላይ አስቀመጠችው።

"ለጊዜው ይህን ያዝ" አለችው።

ሴቬሪን ዱባውን አየ፤ እሷን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ አላውቅም። እሑድ ስለሆነ የፖላንዶቹ ሕንፃ ደረጃ በሰው ተሞልቷል። ከመሀላቸው አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ።

"አመሰግናለሁ" አላት። "ገባኝ።"

ዱባውን ተሸክሞ ግቢውን አቋርጦ ሄደ። ዜንታ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች መጥታ ብርድ ልብሴን ገለጠችው።

"አክስቴ ኤርና፣ 'ገባኝ' አለኝ።"

"አንቺ ምን አልሽው? እሺ አላልሽውም?"

"በጀርመንኛ? ያን ቃል በጀርመንኛ ልበለው? ሞቼ ነው። ጓንቱ ሲያልቅ ያየዋል።" አልጋዬ ላይ ተቀምጣ መሳቅ ጀመረች። እንደዚያ ስትስቅ እናቷ ከተወሰዱ ወዲህ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ምድጃችን ጨሰ። ማገዶ ያመጣው ሌላ ሰው ነበር።

* * *

ሳምንቱን ሙሉ ጨሰ። ዳኛው ዓይናቸውን እያሹ፣ "እንግሊዞችም ሰነፉ" አሉ። ዜንታ ማክሰኞ በመስኮት ጠበቀች፤ ረቡዕ በደረጃው ላይ ጠበቀች፤ ሐሙስ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ እስከ ማገዶው መጋዘን ድረስ ሄደች። "ስንቁን ሊቀበል ሄዷል" አሏት። የቅዳሜ ተሳፋሪዎች ስም በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ ስሙን በገዛ ዓይኗ አየችው።

ስትመለስ አላለቀሰችም። ከትራሷ ሥር ጓንቶቹን አወጣችና አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ዱባውን ወሰደና ሄደ" አለች። "ለሁለት ወር ስንቅ ብሎ ተወኝ። ለሆዱ።"

"እንዲያማ አይደለም ልጄ" አልኳት፤ ግን ምን እንደሆነ እኔም አላወቅሁም።

ዳኛው ከጋዜጣቸው ቀና አሉ። "ማን ነው የሄደው?"

"ማገዶ አዳዩ አባባ። ደስ ይበልህ።"

ደስ የሚላቸው መስሏቸው ነበር መሰለኝ፤ ግን ጋዜጣቸውን አጥፈው አስቀመጡት። ዜንታ የሁለተኛውን ጓንት ክር ጫፍ ይዛ መተርተር ጀመረች። የእናቷ ቀይ ሱፍ ጭኗ ላይ ተጠቅልሎ ሲወድቅ ማየት አልቻልኩም። ሁለቱንም ጓንት ነጥቄ በደረቴ ውስጥ ከተትኳቸው። "የማንም ይሁን የማን፣ እናትሽን አትተረትሪያትም" አልኳት። ያኔ አለቀሰች። ዳኛው ተነሥተው ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ሊያኖሩ ፈልገው፣ እንዴት እንደሚደረግ የረሱ ይመስል በአየር ላይ አቆዩት።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ፌሌክ እንድጠግንለት የሰጠኝን ሱሪ ሊወስድ መጣ። ሌላ ጊዜ ሳይቀልድ ቃል የማይወጣው ልጅ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"እሜቴ፣ ሱሪዬን ይስጡኝ። ባቡሩ ሊነሣ ነው።"

"ምነው ፌሌክ፣ ፊትህን አጠቆርክብኝ?"

"ምን ብዬ ልሳቅ? አልፈልግህም ማለት ያለ ነው፤ ማንም ሴት ትላለች። ግን በእሑድ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዱባ ታሸክመዋለች? ሳምንቱን ሙሉ 'ባለ ዱባው' እያሉ ሲያሾፉበት ከረሙ።"

መቀሱ ከእጄ ወደቀ። "ዱባው ምን አደረገ?"

"እንዴት ምን አደረገ ይላሉ? በእኛ አገር ሴት ልጅ ጠያቂዋን አልወድህም፣ ሂድልኝ ስትል ዱባ ነው የምትሰጠው። ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው።"

"አንተ ልጅ፣ በእኛ አገር ዱባ ይበላል እንጂ ምንም አይልም" አልኩት።

ብርድ ልብሱ ተገለጠ። ዜንታ ወዲያ ማዶ ቆማ ነበር፤ ፊቷ ነጭ ወረቀት መስሏል። ሁሉን ሰምታለች። ዓይኔን ስታየው ጓንቱን ከደረቴ አወጣሁና ሰጠኋት፤ ያለቀውንም፣ ከነሹራብ መሥሪያው ተንጠልጥሎ የቀረውንም።

"ፌሌክ" አለች፣ ካፖርቷን እየለበሰች፣ "በእናንተ ቋንቋ እሺ ምን ይባላል?"

"ታክ።"

"ታክ" አለች፤ በሩን ሳትዘጋ ሮጠች።

ከኋላዬ ዳኛው ድምፅ አሰሙ። "ወይዘሮ ኤርና፣ ያቺ ጊደር… ዜንታ ነበረች?"

"እርስዎ እንግዲህ ሰማያዊ ዓይን ያላት ጊደር የት አይተው ያውቃሉ?" አልኳቸው፤ እኔም ሮጥኩ።

* * *

ባቡሩ ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ባለው ሐዲድ ላይ ቆሟል። የዕቃ ፉርጎ ነው፤ በጥድ ቅርንጫፍ አስጊጠውታል፤ በጎኑ ላይ የየመንደሩ ስም በጠመኔ ተጽፎበታል። አንዱ አኮርዲዮን ይጫወታል፤ አንዱ ያለቅሳል። ዜንታ ከመጨረሻው ፉርጎ ጀምራ እየሮጠች በእያንዳንዱ በር "ታክ!" ትላለች። ከዚያ ቋንቋ የምታውቀው ሌላ ቃል የላትም።

"ለማን ነው ቆንጆ?" አላት አንዱ ራሱን አውጥቶ። "ለእኔ ከሆነ አሁኑኑ እወርዳለሁ።"

"እኔም ታክ ብያለሁ" አለ ሌላው። ፉርጎው በሳቅ ተናወጠ። ፌሌክ ከኋላዋ እየሮጠ "ዝም በሉ እናንተ!" ይላል። እሷ ግን ሳቁን አልሰማችውም።

ሴቬሪን መሀል ላይ ካለ ፉርጎ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከጎኑ የስንቅ ሳጥኑ፣ ጭኑ ላይ ዱባው። ስታየው ቃሉ ጠፋባት፤ ቆመች። እሱም ከተቀመጠበት ቀስ ብሎ ተነሣ።

"ታክ" አለችው በመጨረሻ። ድምፅዋ አልወጣም፣ ከንፈሯን ነው ያየው።

"ዱባ ሰጥተሽኛል እኮ" አለ።

"የሚበላ ነገር ነው የሰጠሁህ፤ ደደብ። ያለኝን ነው የሰጠሁህ።"

"ታዲያ ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም?"

"ጓንቱ አላለቀም ነበር።" ቀዩን ጓንት ዘረጋችለት። "በእኛ አገር እሺ ማለት ይህ ነው። ነጠላ አይሰጥም፤ ነውር ነው። እኔ ግን ነጠላውን ይዤ መጣሁ። ስቀህ ሂድ ከፈለግህ።"

ሴቬሪን አልሳቀም። ጓንቱን ተቀብሎ በሰፊ እጁ ላይ አጠለቀው፤ ጠበበው፣ ግን ገባለት። ጥለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"ዱባውን ለምን አልጣልከውም?" አለችው።

"በጋውን ሁሉ ውሃ ስታጠጪው አይ ነበር። እንዴት ልጣለው? እምቢታም ቢሆን ያንቺ ነው።"

ባቡሩ ጮኸ። ሴቬሪን ወደ ሞተሩ ዞር አለ፤ በዚያ በኩል እናቱ አሉ። ዓይኑ ሲርቅ እኔም አየሁት፤ ዜንታም አየችው። "ቅር" አላለችውም። ያን ጊዜ ልለምን ብትል ደስ ባለኝ፤ እሷ ግን የአባቷ ልጅ ናት፤ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች።

ከኋላችን የካፖርት ኮሽታና የሰው ትንፋሽ ሰማሁ። ዳኛው ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን ረስተው፣ ነጭ ፀጉራቸው ተበታትኖ። ሴቬሪንን አላዩትም። በቀጥታ ወደ ፌሌክ ሄዱ፤ ሥርዓቱን ጠብቀው ሽማግሌውን ነው ያናገሩት።

"ወጣቱ" አሉት፤ አየር አጠራቸውና ትንሽ ቆሙ። "ባለፈው እሑድ ቤቴ መጥታችሁ ስለ አንዲት ጊደር ጠይቃችሁኝ ነበር። የለችም ብዬ ፈረድኩ። ነገሩን ሳላጣራ ነው። ያን ፍርድ ሽሬዋለሁ።"

ፌሌክ ባርኔጣውን አወለቀ። "እንግዲያው ጌታዬ፣ ጊደሯ ተገኝታለች?"

"ተገኝታለች።" ዳኛው ወደ ልጃቸው አዩ። "እናቷ ብትኖር ቀድማ ታውቅ ነበር። ማገዶውንም የሚያደርቁት እንግሊዞች እንዳልነበሩ ዛሬ ገባኝ። ማስረጃው ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔን ሲለበልበኝ ነበር።"

ሴቬሪን ዱባውን አቅፎ ከፉርጎው ዘለለ።

ፌሌክ በሱ ቦታ ሲወጣ፣ ሴቬሪን ጓንቱን አውልቆ ሰጠው። "ይህን ለእናቴ ስጥልኝ። የሚያስቀረኝ ሰው አግኝቻለሁ በላት። ጥንዱን ስንገናኝ አብረን እናመጣላታለን በላት።" ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ። ቀጥሎ ዱባውን አየና፣ "ይህንንም…" አለ።

"አብደሃል?" አለ ፌሌክ። "ዱባ ይዤ በሯን ባንኳኳ 'ልጄን አሳፈሩት' ብላ ትሞትብኛለች።"

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ፌሌክ ቀዩን ጓንት በጣቱ ላይ አጥልቆ እስኪርቅ ድረስ አውለበለበው። ሴቬሪን ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆሞ አየው። እንባውን ለመጥረግ እጅ አልነበረውም፤ ዱባው ይዞታል። ዜንታ ጠረገችለት።

በሚቀጥለው ቀን ዱባውን ቀቀልነው። ሲጋራ ሰጥተን ወተት ለወጥን፤ ጎረቤቱ ሁሉ ማንኪያውን ይዞ መጣ። ሴቬሪን ከበሩ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል ዳኛው ወንበር ሳቡለትና ጎናቸው አስቀመጡት። ከሱ ወዲያ ዜንታ፣ ሁለተኛውን ጓንት እንደገና ከጫፉ ጀምራ እየሠራች። ማንም አላቻኮላትም። ዳኛው አንድ ጊዜ ቀመሱና ማንኪያቸውን አስቀመጡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያሹ ጀመር።

"ማገዶው ዛሬም እርጥብ ነው" አሉ።

እኛ ግን ምድጃውን አየነው፤ ቦግ ብሎ ይነድ ነበር፤ ጭስ የሚባል አልነበረውም።